የጋሽ ሜትር ሦስት ሐኪሞችና የወዲያኛዋ

ሲስተር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ ቆማ ሠርታ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት፣ «አሁንስ ቁጭ ብዬ ልሥራ» ብላ የጤና መድን ድርጅት ተቀጠረች። ቢሮዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍቱ ላይ «ለጥገና ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ከማርጀቱ የተነሳ በላዩ ላይ ሌላ ተመሳሳይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ቁጭ ብሎ የመሥራት ሕይወቷ እንዲህ ሽቅብ በመውጣት ተጀመረ።

በሯ ላይ «የአባላት የሕክምና ክትትል አስተባባሪ» ተብሎ ተጽፏል። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሚስትህ ምን ትሠራለች ሲሉት «ስልክ ታወራለች» ይላል። ውሸትም አልተናገረ። ከመድኑ አባላት መካከል በሽታቸው የበዛ፣ ሐኪማቸው የበዛ፣ ቀጠሯቸው እርስ በርሱ የሚጋጭባቸው ሰዎች ለእሷ ይሰጣሉ። እሷም እየደወለች፣ አንዳንዴም ቤታቸው ድረስ እየሄደች፣ የትኛው ሐኪም ምን እንዳዘዘ፣ የትኛው ምርመራ እንደቀረ፣ የማን ወረቀት የት ክፍል ተረስቶ እንደተኛ ታሳድዳለች። አንዱ ሐኪም ያለውን ለሌላው ታደርሳለች። ሰማንያ ስድስት አባላት አሏት። የሰማንያ ስድስቱንም ቀጠሮ በቃሏ ታውቃለች፤ የራሷ ጉልበት የፊዚዮቴራፒ ሪፈር ወረቀት ግን መሳቢያዋ ውስጥ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

የክፍሉ ኃላፊ ጥሩ ሰው ነው፤ ቁጥር ይወዳል። አንድ ጥሪ ከሰባት ደቂቃ እንዳይበልጥ አዟል። «ሲስተር፣ ርኅራኄ በሰባት ደቂቃም ይቻላል» ይላታል። እሷ ደግሞ፣ ያረጀ ሰው ስልኩን አንስቶ መነጽሩን ፈልጎ እስኪያገኝ ብቻ አምስቱ ደቂቃ እንደሚያልቅ ልትነግረው ትፈልግና፣ ምን አደከመኝ ብላ ትተወዋለች።

ጋሽ ሜትር ዝርዝሯ ውስጥ የመጣው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ስሙን ያወጡለት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራበት የደንብ ልብስ ፋብሪካ ባልደረቦቹ ናቸው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ አያውቅም፣ ጡረታ ከወጣም በኋላ አላወረደውም። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ደም ግፊት አለበት፣ ልቡ ትንሽ ደክሟል፣ ኩላሊቱም ማጉረምረም ጀምሯል። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወድቆ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል። ሁለቱንም ጊዜ አይተው፣ ለክተው፣ «ደህና ነህ» ብለው መልሰውታል። ኮምፒዩተሩ ግን ደህና ነው አላለም፤ ከስሙ አጠገብ ቀይ ምልክት አድርጓል።

ሲስተር ደወለች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ከመድን ድርጅቱ ነው።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ ምንም አላጠፉም።»

«ታዲያ ምኑን ልትከለክሉኝ ነው?»

«የምንከለክልዎት ነገር የለም። ልንረዳዎት ነው የደወልኩት።»

ጋሽ ሜትር አላመነም። ከመድን ድርጅት ተደውሎ ልንረዳዎት ነው ሲባል ያላመነ ሰው አይፈረድበትም።

«ስንት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ ጋሼ?»

«ሁሉንም» አለ ጋሽ ሜትር፣ በኩራት።

ሲስተር ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አለመሆኑ ገባት። ረቡዕ ቤቱ እንደምትመጣ ነግራው ስትዘጋ ጥሪው ዘጠኝ ደቂቃ ፈጅቷል፤ ከሰዓት በኋላ ኃላፊው በጨዋ ደንብ ነገሩን አነሳባት።

ቤቱ ድሮ አንድ ቤት ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጋሽ ሜትርና ሚስቱ ሲፋቱ ፍርድ ቤት ለሁለት ከፈለው፤ የፊቱ ክፍል ለእሱ፣ የኋላው ክፍልና ኩሽናው ለእሷ። መጸዳጃ ቤቱ፣ የግቢው ቧንቧና የቆሻሻ ቅርጫቱ የጋራ ሆኑ። መሃል ላይ ስስ የጣውላ ግድግዳ ተመታ። የተፋቱት በስፌት መኪና ነው። ሚስቱ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ቀዳዳ መሥሪያ ክፍል ትሠራ ነበር፤ ቤት ደግሞ የራሷ መኪና ነበራት። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ጋሽ ሜትር ሳያማክራት መኪናውን ሸጦ ጣሪያውን አስጠገነ። ጣሪያው አሁንም ያፈሳል፤ በእሱ በኩል ብቻ።

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። እሱ «የወዲያኛዋ» ይላታል። እሷ «ሰውዬው» ትለዋለች።

ጋሽ ሜትር አንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ሲስተር መነጽሯን አድርጋ ኪኒኖቹን በየረድፉ መደርደር ጀመረች።

«ይሄን ማን አዘዘልዎት?»

«ነጯን የልብ ሐኪሙ። ቢጫዋን የኩላሊቱ። እግሬ ሲያብጥ ደግሞ የጤና ጣቢያዋ ዶክተር ይቺን ሽንት የምታስወርደዋን ጨመረችልኝ። ሁሉም ጎበዝ ጎበዝ ሐኪሞች ናቸው።»

«ውሃስ? ስለ ውሃ ምን አሉዎት?»

«የልቡ ሐኪም ውሃ አታብዛ አለኝ። የኩላሊቱ ደህና አድርገህ ጠጣ አለኝ።»

«እና ምን አደረጉ?»

«ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ለልቤ እታዘዛለሁ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ለኩላሊቴ።»

«እሑድስ?»

«እሑድ እንደጠማኝ።»

ሲስተር ሳቋን ዋጠች። በዚህ መሃል ከጣውላው ወዲያ ድስት በኃይል ተቀመጠና አንዲት ሴት ለድስቱ እየነገረች ይመስል ጮክ ብላ ተናገረች፤ «ሰው ጠዋት ጠዋት እንደ ሰካራም ወንበር እየያዘ ሲንገዳገድ፣ እሱን አይነግራትም!»

ሲስተር ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ሬዲዮ ናት» አለ ጋሽ ሜትር ፊቱን ሳያዞር። «ሳይከፍቷት የምታወራ።»

ሲስተር ነጩንና ቢጫውን ኪኒን ጎን ለጎን አድርጋ በማሸጊያቸው ላይ ያሉትን ደቃቅ ፊደሎች አነበበች። ደግማ አነበበች። ፋብሪካው ሁለት፣ ስሙ ሁለት፣ ቀለሙ ሁለት፤ መድኃኒቱ ግን አንድ። የልብ ሐኪሙም የኩላሊቱም ሐኪም፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ፣ አንድ ዓይነት የግፊት ኪኒን አዘውለታል። ጋሽ ሜትርም ታዛዥ በሽተኛ ስለሆነ ሁለቱንም አንድ ቀን ሳያጓድል ውጧል። ይህን ኪኒን ያበዛ ሰው ግፊቱ ከልክ በላይ ይወርዳል፤ እግሩም ያብጣል። እግሩ ሲያብጥለት ሦስተኛዋ ሐኪም ሽንት የሚያስወርድ ጨመረች፤ ግፊቱ ይብስ ወረደ። እምቢተኛ በሽተኛ ቢሆን ኖሮ ባልወደቀ ነበር።

ስትወጣ በግቢው ዞራ የኋላውን በር አንኳኳች። የወዲያኛዋ በሩን ግማሽ ከፈተች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች ያበጡ ሴት ናት።

«እኔ ስለ ሰውዬው የማውቀው ነገር የለም» አለች ገና ሳትጠየቅ።

«አውቃለሁ እትዬ። እንዲያው ሰላም ልበልዎት ብዬ ነው።»

«ኪኒኑን የሚውጠው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሚንገዳገደው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ወንበሩ ሲንኳኳ እሰማለሁ። ጫማውን መጎተት የጀመረው ደግሞ ቢጫዋን ካመጣ ወዲህ ነው፤ ሦስት ወር ሊሆነው ነው።»

«ቢጫ መሆኗን በምን አወቁ?»

«የቆሻሻ ቅርጫቱ የጋራ ነው።» በሩን ልትዘጋ ብላ መልሳ ከፈተችው፤ «ሁለተኛውን ጊዜ ሲወድቅ አምቡላንስ የጠራው ማን ይመስልሻል? ግን አትንገሪው። አያስፈልግም።»

ሲስተር በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የዋርድ ሥራዋ ይህን የመሰለ የበሽተኛ ክትትል አላየችም። ሁሉንም ጻፈች።

በማግሥቱ ሆስፒታል ሄደች። የልብ ሐኪሙና የኩላሊቱ ሐኪም ክፍላቸው አንድ ኮሪደር ላይ፣ በር ለበር ፊት ለፊት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው፤ ጋሽ ሜትር እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንድ ቀን ወደ ቀኝ፣ ሌላ ቀን ወደ ግራ ሲገባ ኖሯል። ሲስተር የመድኃኒቶቹን ዝርዝር ባንድ ገጽ ጽፋ ለልብ ሐኪሙ ሰጠችው።

«የኩላሊቱ ዶክተር ይሄን ማዘዙን አላወቅሁም» አለ ግንባሩን ቋጥሮ። «ደብዳቤ አልደረሰኝም።»

«ደብዳቤው ካርድ ክፍል ወርዷል ዶክተር። ከካርድ ክፍል ወደ እርስዎ የሚወጣው በሪፈራል ኮሚቴው በኩል ነው ተባልኩ።»

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

«ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

ዶክተሩ ትንሽ ሳለ። ሲስተር ኮሪደሩን አቋርጣ የኩላሊቱን ሐኪም በር አንኳኳች። እሱም አላወቀም ነበር፤ እሱም ደብዳቤ ይጠብቃል። በመጨረሻ ሁለቱንም «አራት ደቂቃ ብቻ፣ ቆማችሁም ይሆናል» ብላ ለምና በየበራቸው አወጣቻቸው። ኮሪደሩ መሃል ሲገናኙ ተቃቀፉ።

«አንተ! ምነው ጠፋህ?» አለ አንደኛው።

«ምን ባክህ፣ ሥራ!» አለ ሌላኛው።

ነገሩ ከሰላምታው ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ቢጫዋ ኪኒን ቀረች። ሽንት የምታስወርደዋም በእግሩ ሁኔታ እየታየ እንድትቆም ተስማሙ፤ ሲስተር ለጤና ጣቢያዋ ዶክተር ደወለችላት፤ እሷም ተስማማች። ውሃውን በየቀኑ አንድ ሊትር ተኩል አደረጉት፤ እሑድንም ጨምሮ። ሁለቱም ሐኪሞች ባንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ወረቀቱን ስታይ «ሁለት ፊርማ ያለበት የትኛው ፋይል ውስጥ ነው የሚገባው?» ብላ ተጨነቀች።

የቀረው፣ ቤት ውስጥ ማን ያየዋል የሚለው ነው። ሲስተሙ የታማሚውን ተንከባካቢ ስም ካልሞሉለት ወደ ቀጣዩ ገጽ አያሳልፍም።

«ማንም የለኝም» አለ ጋሽ ሜትር።

ከጣውላው ወዲያ መጥረጊያ ወለሉን በንዴት ፈተገው።

ሲስተር ምርጫዎቹን አየች፤ ባለቤት፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት፣ ጎረቤት። የተፋታች ሚስት የሚል የለም። «ጎረቤት» የሚለውን ነካችው። ግቢ ወርዳም የወዲያኛዋን ጠየቀቻት።

«ቤቱ አልገባም» አለች የወዲያኛዋ። «አላናግረውም። በእጄም ኪኒን አልሰጠውም።»

«እሺ እትዬ። ማየትስ?»

«ማየት ዓይን ያለው ሁሉ ያያል።»

መላውን ያመጣው ጋሽ ሜትር ነው። ከተረፈ ግራጫ የሱፍ ጨርቅ አሥራ አራት ኪስ ያለው ማንጠልጠያ ሰፋ፤ ሰባቱ የጠዋት፣ ሰባቱ የማታ። እያንዳንዱ ኪስ ክዳንና የልብስ ቁልፍ አለው። ኪኒኑን ሲውጥ የዚያን ቀን ኪስ ቁልፉን ከፍቶ ይተወዋል። ማንጠልጠያውን በመስኮቱ ከውስጥ በኩል ሰቀለው፤ ቧንቧ ጋ ለሚሄድ ሰው ፊት ለፊት ይታያል። የወዲያኛዋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባልዲዋን ይዛ ወደ ቧንቧው ትወጣለች። ቁልፉ ተከፍቶ ካየች ትመለሳለች። ተዘግቶ ካየች ገብታ በመጥረጊያው እጀታ ጣውላውን ሁለት ጊዜ ትመታዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት ለሲስተር ደወለች። የመጀመሪያ ስልኳ ነበር።

«ኪኒኑን እየዋጠ ነው» አለች። «የቁልፍ ቀዳዳዎቹ ግን ጠማማ ናቸው። ቧንቧ ጋ በወጣሁ ቁጥር ዓይኔን ይወጉኛል። ንገሪው።»

ሲስተር ይህ የሥራዋ አካል መሆኑን ተጠራጠረች፤ ቢሆንም ነገረችው። ጋሽ ሜትር ቀኑን ሙሉ አኮረፈ። ከዚያ ማንጠልጠያውን አጥቦ ግቢው ገመድ ላይ አሰጣውና ማታ ሲያነሳው አሥራ አራቱም ቀዳዳዎች እንደገና ተሰፍተው፣ ቀጥ ብለው አገኛቸው። ስለዚህ ነገር ለማንም አልተናገረም፤ ለሲስተር ከመንገሩ በቀር።

አራት ወር አለፈ። ጋሽ ሜትር አልወደቀም። የእግሩ እብጠት ጎደለ፤ ግፊቱ ሐኪሞቹ በሚፈልጉት ቦታ ላይ ቁጭ አለ። በአምስተኛው ወር ደብዳቤ ደረሰው። ደብዳቤውን ይዞ ለሲስተር ደወለ።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ ተመርቀዋል ይላል። ምን ተማርኩና ነው የተመረቅሁት?»

ሲስተር ደብዳቤውን ታውቀዋለች፤ ኮምፒዩተሩ በራሱ ነው የሚልከው። «ስለተሻለዎት ከክትትሉ ወጡ ማለት ነው ጋሼ።»

«ስለተሻለኝ ተባረርኩ?»

«መባረር አይባልም...»

«ከእንግዲህ አትደውይም?»

«ሲስተሙ አይፈቅድልኝም።»

«እንደገና ብወድቅስ?»

«ያኔ ይመልሱዎታል።»

ጋሽ ሜትር አሰበ። «ስንት ጊዜ ልውደቅ?»

«ሁለት ጊዜ» አለች ሲስተር፤ ደንቡ እንደዚያ ነበርና። ቀጥላም፣ «እባክዎን እንዳይሞክሩት» አለችው።

ኃላፊው ግን በጋሽ ሜትር ውጤት እጅግ ደስ ብሎት ነበር። በዓመታዊው ስብሰባ ላይ የማንጠልጠያውን ፎቶ በትልቅ ሸራ አሳየ። «ድርጅታችን ያበለጸገው የመድኃኒት አወሳሰድ ማሳያ» አለው። ተንከባካቢዋን «ጎረቤት» በሚል ስር አነሳት፤ ሰው ለማኅበረሰብ ተሳትፎ አጨበጨበ። ከዚያም ሦስት መቶ ማንጠልጠያ በፕላስቲክ ተሠርቶ ለአባላት ታደለ። ቁልፉ ብቻ፣ ለአሠራር አያመችም ተብሎ ቀረ። ሲስተር ከኋላ ወንበር ላይ ጉልበቷን እያሸች ተመለከተች። ሲስተርን ማንም አስተያየት አልጠየቃትም፤ የምስክር ወረቀት ግን ተሰጣት።

ከዚያ በኋላ በሰባተኛው ወር፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የቢሮዋ ስልክ ጮኸ።

«ሲስተር» አለ ጋሽ ሜትር፣ ድምፁ ቀጥኗል። «የወዲያኛዋ ግድግዳውን መምታት ትታለች።»

«ኪኒንዎን ውጠዋላ፤ ለምን ትምታ?»

«ትናንት ባልዲዋን ይዛ አልወጣችም። ዛሬም። ስለዚህ ቁልፉን አውቄ ዘግቼ ተውኩት። አራት ሰዓት ሆነ። አልመታችም።»

«አንኳኳላት!» አለች ሲስተር፤ አንቱታውን ረሳችው።

«እኔ?»

«ታዲያ ማን?»

ስልኩን ሳይዘጋ ሲራመድ ተሰማት። ከዚያ በጣውላው ላይ የጣት ድምፅ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ቢሮ በር። ጣውላው ከቆመ ጀምሮ ከዚህኛው ወገን ተመትቶ አያውቅም። ከወዲያ ደካማ ድምፅ አንድ ነገር አለ።

«ምን አለች?» ጠየቀች ሲስተር።

«‹አልሞትኩም› አለች» አለ ጋሽ ሜትር። «ግን አነጋገሯን አልወደድኩትም።»

ሲስተር የኮምፒዩተሯን መስኮት አየች። የወዲያኛዋ አባል አይደለችም። ድሮ በባሏ ስም ነበረች፤ ሲፋቱ ተሰረዘች። ስለ እሷ የሚሞላ ገጽ፣ የሚነካ ምርጫ የለም። ስለዚህ ሲስተር መስኮቱን ዘጋችውና ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ በደንብ ያዳምጡኝ። ይግቡና ይዩአት። አምቡላንስ ይጥሩ። የምትውጠውን ነገር ሁሉ፣ ከሱቅ የገዛችውንም ሳይቀር፣ ባንድ ከረጢት ይያዙ። ከመቼ ጀምሮ እንደደከማት ወረቀት ላይ ይጻፉ። ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁት፤ ምን አገኛችሁ፣ ምን ሰጣችኋት፣ ከምን ጋር አይስማማም። ገባዎት?»

«ውሃስ?»

«ውሃንም ይጠይቁ።»

ጋሽ ሜትር የወዲያኛዋን ክፍል ደፍ ተሻግሮ ገባ። አልጋዋ ላይ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቶ ተኝታለች። ትራሷ ስር ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ ተደርድሯል፤ ለጣቶቿ ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ በባዶ ሆዷ ስትውጠው ኖራለች። የእሱን ኪኒን አንድ በአንድ ስትቆጥር፣ የእሷን የሚቆጥር አልነበረም። ባዶ ማሸጊያዎቹን እንኳ የጋራው ቅርጫት ውስጥ አልጣለችም፤ እንዳያይባት።

ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ወጣቱ ሐኪም ጋሽ ሜትርን ከእግር እስከ ራሱ አየው። አንገቱ ላይ ሜትር፣ አንድ እጁ ከረጢት፣ ሌላው እጁ ወረቀት።

«ምኗ ነዎት?»

ጋሽ ሜትር አመነታ። «ጎረቤት» አለ።

«ይሄን ሁሉ የሚያውቅ ጎረቤት?»

«ግድግዳው ስስ ነው።»

ጨጓራዋ ቆስሎ ሲደማ ኖሯል፤ ደሟ ወርዷል። ደም ተሰጣት፣ ማስታገሻው ተከለከለ፣ ሌላ መድኃኒት ተጀመረላት። ስምንት ቀን ተኛች። ጋሽ ሜትር ስምንቱንም ቀን መጣ። አልጋዋ አጠገብ አይቀመጥም፤ ከነርሶቹ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ምን እንደተሰጣት ጽፎ ይሄዳል። ነርሶቹ ከጤና ቢሮ የተላከ ተቆጣጣሪ መስሏቸው መድኃኒቷን በሰዓቱ ይሰጧት ጀመር።

ስትወጣ ሐኪሙ ጨጓራዋን በካሜራ የሚያይ ኢንዶስኮፒ አዘዘላት፤ ከዚያ የደም ምርመራ በየወሩ፣ የመገጣጠሚያ ሐኪምም እንዲያያት። ጋሽ ሜትር ወረቀቶቹን ይዞ አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ፤ ሲደርስ ሲስተር ራሷ ወንበር አቀረበችለት።

«አስገቢያት» አለ።

«የት ጋሼ?»

«እዚህ። መድኑ ውስጥ። እኔ እንደገባሁት።»

«ደንቡ ባለቤትን ነው የሚፈቅደው።»

«ነበረች እኮ።»

«ነበረች አይበቃም ጋሼ። መሆን አለባት።»

ጋሽ ሜትር ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጣቱ ላይ ጠቀለለው፤ ፈታው፤ እንደገና ጠቀለለው። «በጎረቤት አይሆንም?» ብሎ ጠየቀ።

«በጎረቤት አይሆንም።»

በሚቀጥለው ሳምንት የወዲያኛዋ ራሷ ደወለች። «ሰውዬው በሩን አንኳኩቶ አንድ ነገር ተናገረ» አለች። «ቀልድ መስሎኝ ዘጋሁበት። ከዚያ ወረቀት በበሩ ስር አስገባ። የመድኑን ደንብ ገልብጦ ነው የጻፈው፤ አንቀጽ ቁጥሩን ሳይቀር። እውነት ነው?»

«እውነት ነው እትዬ።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«የለም።»

«አንቺ ምስክር ትሆኛለሽ እንግዲህ» አለች የወዲያኛዋ። «ከሠፈር ሰው አልጠራም። ይስቁብኛል።»

ሲስተር ለኃላፊው ለጉልበቴ ፊዚዮቴራፒ ነው ብላ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰደች። ባሏም ሁለተኛ ምስክር ሆኖ መጣ፤ የአውቶቡስ ተራውን ለጓደኛው ሰጥቶ። በማዘጋጃ ቤቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ የጋብቻ መዝጋቢው ሹም መዝገቡን ገለጠና በደንቡ መሠረት ጠየቀ።

«ይህን ጋብቻ የምትፈጽሙት በፈቃዳችሁ ነው?»

«ለኢንዶስኮፒው ነው» አለች የወዲያኛዋ።

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «እሱን መዝገብ ላይ ልጽፈው አልችልም እናቴ።»

«በፈቃዳችን ነው» አለ ጋሽ ሜትር ቶሎ ብሎ። ሹሙ ወደ እሷ ዞረ። እሷ ጣሪያውን አየች፣ መዝገቡን አየች፣ ከዚያ በአገጯ እሺ አለች።

ስትፈርም ጣቶቿ ብዕሩን በደንብ አልያዙላትም፤ ወረቀቱም ተንሸራተተ። ጋሽ ሜትር በሁለት እጁ ጫፍና ጫፉን ያዘላት።

«አታጣመው» አለችው።

ለእሱ፣ በቀጥታ፣ ፊቱን እያየች። የሲስተር ባል ነገሩን ስለማያውቅ አልገረመውም። ሲስተር ግን ቦርሳዋን ከፍታ የሌለ ነገር ስትፈልግ ቆየች።

ጣውላው አልፈረሰም። በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተሠራ ግድግዳ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው የሚፈርሰው፤ ቀጠሮው ደግሞ ሩቅ ነው። ለነገሩ የወዲያኛዋ አልቸኮለችም፤ የእሱ በኩል ያፈሳል። ኢንዶስኮፒዋ በደህና አለፈ፣ ቁስሉም እየሻረ መሆኑን ነገሯት። ጋሽ ሜትር ለእሷም ማንጠልጠያ ሰፋላት፤ ሰማያዊ ጨርቅ፣ የቁልፍ ቀዳዳዎቹን ግን ሳይሠራ ለእሷ ተወላት።

ጋብቻው ሲመዘገብ ሲስተሙ ለጋሽ ሜትር ወዲያው አንድ መጠይቅ ላከለት። «በቅርቡ ከባድ የሕይወት ለውጥ አጋጥሞዎታል?» ይላል። ጋሽ ሜትር እውነተኛ ሰው ነው፤ «አዎ» ብሎ ሞላ። «ምን?» ለሚለውም «ትዳር» ብሎ ጻፈ። በማግሥቱ ስሙ ከነቀይ ምልክቱ የሲስተር ዝርዝር ውስጥ ተመልሶ ገባ። ደህና በመሆኑ ያስወጣው ኮምፒዩተር፣ በማግባቱ መለሰው። አንድም ጊዜ መውደቅ አላስፈለገውም።

አሁን ሲስተር ከወዲያኛዋ ጋር ሰማንያ ሰባት አባላት አሏት። ማክሰኞ ማክሰኞ ለሁለቱም ትደውላለች፤ በየራሳቸው ስልክ፣ በየራሳቸው ፋይል። ጋሽ ሜትርን እንዴት ነዎት ስትለው፣ «ትናንት ትንሽ ነው የበላችው፣ ጣቷን ግን ተሽሏታል» ይላታል። የወዲያኛዋን እንዴት ነዎት ስትላት፣ «እግሩ አላበጠም፣ ግን ጨው ደብቆ ይጨምራል» ትላታለች። ስለራሳቸው የሚናገሩት የለም። ሲስተር እሱ ያለውን እሷ ፋይል ላይ፣ እሷ ያለችውን እሱ ፋይል ላይ ትጽፋለች። ሁለቱ ጥሪዎች ሲደመሩ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ ይፈጃሉ፤ ኃላፊውም በየወሩ መጨረሻ ስለዚሁ ያነሳባታል።